የብላታ ምሳሌ

«ተራመድ እንጂ፤ ምን ትለግማለህ» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት። የሚናገሩት ከግራ ጉልበታቸው ጋር ነው። ቀኙ እሺ ባይ ነው፤ ግራው ግን የየካን ዳገት ገና ከታች ሲያየው ያምጻል። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ሲመክሩት፣ ሲያባብሉት፣ ሲብስም ሲሰድቡት ይወጣሉ። ከይሪያ ጃንጥላና ጧፍ ይዛ ከኋላቸው ትከተላለች። ያደረገችው ተረከዙ ከፍ ያለ የቢሮ ጫማ ነው። ከቤቷ ስትወጣ አንድ የተተየበ ጽሑፍ አስረክባ ልትመለስ እንጂ ባሕር ዛፍ ሥር ልትንሸራተት አላሰበችም ነበር።

ቀኑ እሑድ ነው፤ ግንቦት ሃያ አንድ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፤ የወሩ ማርያም። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መንገዱን አላቁጦታል። ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ጎንበስ እንዳሉ «እንደምን አደሩ እማማ» ይላሉ። በዚህ መንገድ ወይዘሮ ሥርጉትን የማያውቅ የለም። በየወሩ በዚህ ቀን ይወጣሉ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አላስታጎሉም።

ከይሪያ ዛሬ አጃቢ የሆነችው በብላታ ትእዛዝ ነው። በጠዋት ከጉርድ ሾላ በታክሲ መጥታ በራቸውን ስታንኳኳ፣ ብላታ ሠረቀብርሃን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቆመው ነበር የሚጠብቋት። በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ላይ የተጠራው የቀበሌው ስብሰባ በሦስት ሰዓት ይጀመራል ተብሏል፤ ሦስት ሰዓት ተባለ ማለት አራት ነው። ብላታ ግን የቤተ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ያሳደጋቸው ሰው ናቸውና ከተጠሩበት ሰዓት ቀድመው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ካልተቀመጡ ያማቸዋል። ወረቀቱን ተቀብለው በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

«ሠራተኛዋ አገሯ ሄዳለች፤ ሥርጉት ብቻዋን ልትወጣ ነው» አሏት። «ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ግቢ አልልሽም ልጄ፤ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ሸኚልኝ። አታጣድፊያት። እስከ ቀትር ብትቆዩም ግድ የለም።»

እስከ ቀትር ያሉትን ነገር ከይሪያ ያኔ ልብ አላለችውም።

ብላታ የአራት ሕገ መንግሥት ሰው ናቸው። በአርባ ሰባቱ ጊዜ ወጣት ጸሐፊ ሆነው ረቂቁን በብዕር ገልብጠዋል። በስድሳ ስድስቱ ጊዜ ከአርቃቂዎቹ ጋር ተቀምጠው ተከራክረዋል፤ እነሱ በአንቀጽ ሲከራከሩ ወታደሩ ደርሶ ረቂቁንም አርቃቂውንም ሰብስቦ ወሰደው። በሰባ ዘጠኙ ጊዜ ቀበሌ ተጠርተው፣ ከኋላ ተቀምጠው፣ ሁሉም ሲያነሣ እጃቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አሁን አራተኛው መጣ። ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ በዚህ በአራተኛው ላይ ለአንድ የግል መጽሔት በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጽፋሉ። ስለ ሥልጣን ክፍፍል ጽፈዋል፤ ስለ ዳኞች ነጻነት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ክልሎች ጽፈዋል። ማንም መልስ ሰጥቷቸው አያውቅም። ማዕረጋቸውን አብዮቱ ሽሮታል፤ ሰፈሩ ግን አልሻረውም፤ ሥጋ ቆራጩም ሱቅ ጠባቂውም ብላታ እንዳላቸው አለ።

ከይሪያ የአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። መዋቅሩ ተሻሽሏል ተባለና እሷም ከመዋቅሩ ጋር ተሻሻለች። ዓመት አለፋት፤ ቤቷ ተቀምጣ በራሷ ታይፕ የማመልከቻና የውል ሥራ ትሠራለች። ከደንበኞቿ ሁሉ የማያታክቷትም፣ የሚያታክቷትም ብላታ ናቸው። ያ አሮጌ የአማርኛ ታይፕ ፊደሉን እየገጣጠመ ነው የሚጽፈው፤ አካሉ ለብቻ፣ ቀለበቱ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ። የብላታን ዐረፍተ ነገር በሙሉ በዚህ ዓይነት ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ታውቀዋለች።

አንድ ልማድ አላቸው። ነገር የሚያስረዱት በምሳሌ ነው፤ የምሳሌው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እገሌ ነው። በብላታ ጽሑፍ ውስጥ እገሌ ያላየው መከራ የለም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤቱ ተፈትሿል፣ መሬቱን ተነጥቋል፣ ዳኛው ጉቦ በልቶበታል፣ ከክልል ክልል ሲዘዋወር መታወቂያ ተጠይቋል። ከይሪያ አንዳንዴ ሲመሽ፣ ጣቷ ሲደነዝዝ፣ ይህን ምስኪን ሰው ምነው ባሳረፉት ትላለች። አንዴ ጠይቃቸዋለች፤ የራስዎን ገጠመኝ ለምን አይጽፉም ብላ። ብላታ መነጽራቸውን አውልቀው በመገረም አዩዋት።

«በእኛ ጊዜ በመንግሥት ወረቀት ላይ የራሱን ጉዳይ የጻፈ ጸሐፊ ይባረር ነበር» አሉ። «ሕግ ለሁሉ ነው የሚጻፈው። የራሴን ካስገባሁበት አቤቱታ ሆነ ማለት ነው።»

ማርያም ከጫካው መሐል ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጥድ ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ስም ይቀበላሉ። ከይሪያ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን በእንጨት ትፍቅ ጀመር። የወይዘሮ ሥርጉት ተራ ሲደርስ ድምፃቸው እሷ ዘንድ ይሰማል።

«የክርስትና ስም?» አሉ ቄሱ።

«ፍቅረማርያም።»

«በሕይወት ላሉት ወይስ ለሙታን?»

«በሕይወት ላሉት።»

ቄሱ መልሱን ያውቁታል፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሰምተውታል። ግን መጠየቅ ሥርዓት ነው፤ የሙታኑ ጸሎት ሌላ፣ የሕያዋኑ ሌላ ነው። ወይዘሮ ሥርጉት ጧፋቸውን አብርተው፣ ተሳልመው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ ወጡና ከይሪያ አጠገብ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያሹት ጀመር።

«የልጄ የጌድዮን ስም ነው» አሉ ሳትጠይቃቸው።

ከይሪያ የጌድዮንን ፎቶግራፍ ሳሎን ውስጥ አይታዋለች። ጸጉሩ የተንጨፈረረ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፊ የሆነ ወጣት ነው። የት ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም። በነዚያ ዓመታት ፎቶ ተነሥቶ ከግድግዳ ላይ የቀረ ወጣት የት ነው ተብሎ አይጠየቅም።

«በሰባ ጥር ላይ ወሰዱት» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት። «ስንቁን አደርስ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እስር ቤቱ በር ላይ ግፊያ ሆነና ወድቄ ይሄ ጉልበቴ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ብላታ ነው የሚወስድለት። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ያደርሳል። እስከ ፋሲካ ድረስ እንደዚያ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ተዛውሯል አሉኝ ብሎ መጣ። ወዴት ቢባል አይናገሩም።»

ከይሪያ «አይዞዎት» አለች።

«አይዞሽ አትበይኝ፤ እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም። ሰዎቹ ባለፈው ሰሞን ከየጉድጓዱ አፅም ሲያወጡ ሄጄ አየሁ። ቀበቶ አየሁ፣ ጫማ አየሁ። የኔ ልጅ የለበትም። ለምን መሰለሽ? የምሳ ዕቃው ሁልጊዜ ባዶ ነበር የሚመለሰው። የተጣባ ወጥ እንኳ አይተርፍበትም። የፋሲካውን ዶሮ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነው የመጣው። የሚገደል ሰው ምግብ ይበላለታል? እንዲያ የሚበላ ልጅ ይተርፋል።» ወደ እሷ ዞሩ። «የብላታን ጽሑፍ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ስለሱ ጽፏል?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ከይሪያ ግን ደክሟታል፤ የደከመው ሰው ደግሞ ውሸት ማቀናበር ይከብደዋል።

«አልጻፉም እማማ።»

«አንድም ቦታ?»

«አንድም ቦታ።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ስለማን ነው የሚጽፈው?»

«ስለ እገሌ» አለች ከይሪያ፤ ስትናገረው አፈረች።

ወይዘሮ ሥርጉት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይዘው ተነሡ። «ነዪ እንውረድ። ስብሰባውን እኔው እጠይቀዋለሁ። እስረኛ ሲዛወር ወዴት እንደተዛወረ ለእናቱ ይነገር የሚል ነገር በአዲሱ ሕግ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ሌላ አልፈልግም።»

«ብላታ እስከ ቀትር ቆዩ ብለዋል» አለች ከይሪያ።

«ለምን እቆያለሁ? ስሙን ሰጥቻለሁ።»

ቁልቁለቱ ለጉልበቱም ለጫማውም የባሰ ነበር። ተደጋግፈው ወረዱ።

የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ለበስ ነው። ግድግዳው ላይ የነበረው ማጭድና መዶሻ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ግን መልሶ ብቅ ይላል። ውስጡ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች የቀበሌው አይደሉም። ቀበሌው የራሱን ወንበር በግርግሩ ጊዜ ተዘርፏል፤ እነዚህ የሰፈሩ እድር ንብረት ናቸው፤ በየጀርባቸው የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ልቅሶ ሲኖር ስብሰባ ይቀራል፤ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ማንም ባይሞት ይመረጣል።

ሊቀመንበሩ ጋሮማ ይባላል። ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ በቅርቡ የተሾመ፣ ቀን አስተማሪ የሆነ ወጣት ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ችግሩ ሕዝቡ አለመቃወሙ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት እጅ ማውጣት የለመደ ሰፈር በአንድ ቀን አይተወውም። ጋሮማ «ድጋፍ» ሲል እጅ ይወጣል። ሳይል፣ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚወጣ እጅም አለ። ጠዋት «እስቲ መስኮቱን የሚከፍትልን ሰው» ብሎ ሲጠይቅ ግማሹ አዳራሽ እጁን አንሥቶ ነበር አሉ።

ከይሪያና ወይዘሮ ሥርጉት በኋለኛው በር ሲገቡ አሥራ ምናምነኛው አንቀጽ ላይ ተደርሷል። የብላታ ጽሑፍ ከኪሳቸው አልወጣም። በኋላ እንደሰማችው፣ ብላታ ተነሥተው «ከሁሉ በፊት የሕገ መንግሥትን ምንነት ከመሠረቱ ብንመለከት» ሲሉ ጋሮማ በአክብሮት «ጓድ ብላታ» ብሎ ጀመረና ምላሱን ነክሶ «አቶ ሠረቀብርሃን፣ ለአንድ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ ነው» አላቸው። አሥራ ስምንት ገጽ በአምስት ደቂቃ አይነበብም። ብላታ አመስግነው ተቀመጡ።

የኋላ አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ወይዘሮ ሥርጉትን ሲያዩ ቦታ ለቀቁላቸው። ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ከይሪያን አዩዋት። አስተያየታቸው የወቀሳ ዓይነት ነበረ። ወይዘሮ ሥርጉት ቀበሌ ረግጠው አያውቁም፤ ስለዚህ ነው ብላ አለፈችው።

ጸሐፊው የሚቀጥለውን አንቀጽ አነበበ። በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ክብሩ ተጠብቆ የመያዝ፣ ቤተሰቡንም የማግኘት መብት አለው ይላል።

«ድጋ...» አለ ጋሮማ፤ እጆች ወጡ። ከእጆቹ መሐል ግን ከፊተኛው ወንበር አንድ ከዘራ ወጣ።

ብላታ ተነሡ። ሲነሡ ሁለቱንም እጃቸውን ከዘራው ላይ ጭነው ነው። ወረቀታቸውን አላወጡም። የኋላውን አዳራሽ አያዩትም፤ ከሦስተኛው ወንበር ወዲያ ያለው ሁሉ ለሳቸው ጭጋግ ነው።

«የተከበሩ ሊቀመንበር» አሉ፤ «ይህ ደግ አንቀጽ ነው። የሚናገረው ግን በሕይወት ስላለ እስረኛ ብቻ ነው። በመንግሥት እጅ ላይ እንዳለ የሞተስ? ሞቱን ለቤተሰቡ የሚነግር ማነው? ሬሳውን የሚያስረክብ ማነው? ይህ መጻፍ አለበት። ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን በምሳሌ ላስረዳ።»

ይኸው እገሌ ሊመጣ ነው አለች ከይሪያ በልቧ።

«እገሌ የሚባል ወጣት ነበር እንበል። ከቤቱ ተወሰደ። እናቱ ስንቅ ታዘጋጃለች። እግሯን ታማለችና የሚያደርሰው አባቱ ነው።»

ከመሐል አቶ ፀሐዬ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሳሉ። የጉንፋን ሳል አልነበረም። ከይሪያ በሁለት እጇ የአግዳሚውን ጠርዝ ያዘች።

«አንድ ቀን አባትየው በሩ ላይ ሲደርስ፣ ቀድሞ የሚያውቀው አንድ ሹም ወደ ጥግ ወሰደውና ‹ጌታዬ፣ ከእንግዲህ አያምጡ› አለው። እገሌ የለም።»

አሁን አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው ሳለ። አንዷ ሴት «ኧረ ብላታ» አለች በዝግታ። አቶ ፀሐዬ እጃቸውን አንሥተው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ አሉ። ብላታ ሰዓታቸው ያለቀ መሰላቸው። «አሳጥራለሁ፣ አሳጥራለሁ» ብለው ፈጠኑ። ከይሪያ ልትነሣ ፈለገች። ተነሥታስ ምን ትላለች? በሙሉ አዳራሽ መሐል ባለቤትዎ እዚህ ናቸው ብላ ትጩህ? እኔ ነኝ ያመጣኋቸው የሚለው ነገር ብቻ በራሷ ውስጥ ይመላለሳል።

«ሬሳውን ቢጠይቅ ከለከሉት። ልቅሶ እንዳይቀመጥ ያን ጊዜ ልቅሶ ክልክል ነው፤ ያለቀሰ ይወሰዳል። እንግዲህ ይህ አባት ያልተነካ ምሳ ዕቃ ይዞ እንዴት ቤቱ ይግባ? እናትየው ክዳኑን ስትከፍት ታውቃለች። ስለዚህ ጃንሜዳ አጥር ጥግ ተቀመጠና የልጁን ምግብ በላ። በማግሥቱም ሠርታ ሰጠችው፤ በላ። ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ እያለ ሰነበተ። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ አንድ መስመር ሕግ በመጥፋቱ አባት የሞተ ልጁን ስንቅ ሲበላ...»

«የፋሲካውንም?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም። ሲያስሉ የነበሩት ግን ሳላቸውን አቆሙ። ብላታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፤ የሚያዩት ነገር የለም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ሥርጉት» አሉ።

«የፋሲካውንም አንተ ነህ የበላኸው?»

ብላታ መነጽራቸውን አወለቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል ሲመርጡ የኖሩ ሰው፣ አሁን የሚመረጥ ቃል አልነበራቸውም።

«የፋሲካውንም» አሉ።

ወይዘሮ ሥርጉት አልጮሁም። መስቀለኛ ያጣፉትን ነጠላ ከትከሻቸው ፈቱት። በሁለት እጃቸው ዘርግተው ገለበጡትና ጥለቱን ወደ አንገታቸው አደረጉት፤ አዘቀዘቁት። ይህን ሲያደርጉ ቀስ ብለው፣ ጥንቅቅ አድርገው ነው። ያን ጊዜ ነው ሴቶቹ ያለቀሱት። ከኋላ ጀመረና ወደ ፊት ሄደ፤ ወንዶቹ ኮፍያቸውን እያወለቁ ተነሡ።

ከይሪያ የገባት ያኔ ነው። አዳራሹ ሙሉ ያውቅ ነበር። ከወይዘሮ ሥርጉት፣ ከሊቀመንበሩና ከእሷ በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ በር ይቆረቁራል፣ ጠንከር ያሉ ሴቶች በግራ በቀኝ ይይዛሉ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ይናገራል። ይህ ሰፈር ግን መጀመሪያ ልቅሶ ክልክል ነበርና ቆየ። ከዚያ ጦርነቱ አለ ብሎ ቆየ። ከዚያ ሴትዮዋ ለምደውታል፣ ለምን እናነቃቸዋለን ብሎ ቆየ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መርዶ በአፉ ይዞ ከረመ። ብላታም ባለቤታቸው ማርያም ደጅ መሆናቸውን አረጋግጠው፣ በሚያውቅ ሰው ፊት፣ ስም ሳይጠሩ ተናገሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠነቀቁ ኖረው የተሳሳቱት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ለገዛ ሚስታቸው የልጃቸውን መርዶ በስብሰባ ላይ በምሳሌ አረዱ።

ጋሮማ ረቂቁን እንደያዘ ቆሟል። «ይቅርታ» አለ፤ «አንቀጹን... እናቆየው?»

አቶ ፀሐዬ ወደ እሱ ዞሩ። «ልጄ፣ መርዶ ተነግሯል። ስብሰባው አብቅቷል። ወንበሩን እንፈልገዋለን።»

እንደዚያው ሆነ። ሴቶቹ ወይዘሮ ሥርጉትን በግራ በቀኝ ደግፈው ወጡ። ወንዶቹ አግዳሚዎቹን ለሁለት ለሁለት እያነሡ ወደ ብላታ ግቢ ይጓዙ ጀመር። እድሩ ያለ መርዶ ድንኳን አይተክልም፤ አሁን ግን መርዶ አለ፤ ስለዚህ ከምሳ በፊት ድንኳኑ ተወጥሮ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የቀረው አንድ ጠረጴዛ፣ የጋሮማ ወንበርና አንድ አግዳሚ ብቻ ነው። ጋሮማ ጥቂት ቆመና ረቂቁን አጥፎ ከኪሱ ከተተው። የቀረችውን አግዳሚ በአንዱ ጫፍ አነሣ፤ በሌላው ጫፍ ከይሪያ ያዘችለት።

ብላታ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። ወይዘሮ ሥርጉት ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ናቸው። ማንም ሰው ሁለቱ ሲነጋገሩ አላየም። ሰኞ ጋሮማ ከሥራ በኋላ መጣና ብላታ አጠገብ ተቀመጠ።

«ያሉትን ቃለ ጉባኤው ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ሙሉውን» አላቸው። «ወደ ላይ ልኬዋለሁ።»

«ወደ ላይ» አሉ ብላታ። ወደ ላይ የተላከ ነገር በሦስት መንግሥት ውስጥ የት እንደሚደርስ አይተዋል። ቢሆንም የልጁን ጉልበት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «እግዜር ይስጥልኝ። በደንብ ጽፈህ ከሆነ ይበቃል።»

ከይሪያን ሲያዩ አሥራ ስምንቱን ገጽ ከኪሳቸው አውጥተው መለሱላት። ገጹ ከላብና ከካፖርት ሙቀት የተነሣ ለስልሷል።

«ለመጽሔቱ ልስጠው?» አለች።

«ተይው። ስለ ሥልጣን ክፍፍል ሌላ ሰው ይጻፍ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልናገርም ብዬ አይደለም ከይሪያ። መጀመሪያ ፈርቼ ነው። በኋላ ደግሞ በየወሩ ዳገቱን ስትወጣ ሳይ፣ እንዳትወጣ ማድረግ ከበደኝ። ተስፋዋን ይዛ ነው የምትወጣው። እኔ ከተናገርኩ በምን ትወጣዋለች?»

ከይሪያ ገጾቹን አጥፋ ያዘች። ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሥርጉት አስጠሯት። ፊታቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ግን የዳገቱ ድምፅ ነው፤ ከጉልበታቸው ጋር ሲነጋገሩ የነበረው።

«ሐዘንተኛ አይወጣምና አንቺ ሂጂልኝ» አሏት። «ቄሱ ከበሩ ላይ አይጠፉም። ስሙን ይዘውታል፤ ያውቁታል። ከዚያኛው ወደዚህኛው ያዛውሩልኝ በያቸው።»

«እኔ? እኔ እኮ እስላም ነኝ እማማ።»

«ባንቺ ፊት ነው የተነገረኝ። ሂጂ።»

ዛሬ ጠፍጣፋ ጫማ ነው ያደረገችው። ብቻዋን ወጣች። ጭቃው ደርቆ መንገዱ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሏል። መሐል ላይ ስትደክም «ተራመጂ እንጂ» አለች ለራሷ፤ ብላም ደነገጠች።

ቄሱ ጥዱ ሥር ናቸው። የራስ መሸፈኛዋን አይተው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ምን ነበር ልጄ?» አሏት።

«ወይዘሮ ሥርጉት ልከውኝ ነው አባ። ፍቅረማርያም በሚለው ስም።»

«እሳቸው ምነው? አመማቸው?»

«ሐዘን ላይ ናቸው።»

ቄሱ ቀና አሉ። ይህንን ስም በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀበሉት እሳቸውም አያውቁትም። አንድ ነገር የገባቸው ይመስላሉ፤ ቢሆንም ሥርዓት ነውና ጠየቁ።

«በሕይወት ላሉት ወይስ ለሙታን?»

ከይሪያ ዓመት ሙሉ የብላታን ቃል በጣቷ እየገጣጠመች ኖራለች፤ ይህችን አንዲት ቃል ግን ከአፏ ማውጣት ከበዳት።

«ለሙታን» አለች።

ቄሱ አማተቡ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ቆዩና ለፍትሐቱ፣ ለአርባው እንዲቆጥሩ፣ እንደወጉ ቀኑን ጠየቋት።

«መቼ ዐረፈ?»

ከይሪያ ስለ ሰባ ዓመተ ምሕረት አሰበች፤ ስለዚያ በር፣ ስለ ምሳ ዕቃው፣ ጃንሜዳ አጥር ጥግ ስለተቀመጡት ሰው አሰበች። ከዚያ ባለፈው ጊዜ ወይዘሮ ሥርጉት ጉልበታቸውን ያሹበትን ድንጋይ አየችው፤ እዚያው ነበረ።

«እሑድ» አለቻቸው።